ማዮፋሺያል ሪሊዝ የልጄን እግር ይፈታዋል ተባልኩ፣ ያስሞከረ አለ?

እናቱ ከኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ምጡ ረዝሞብኝ ታፍኖ ነው የተወለደው፣ ቶሎም አላለቀሰ፣ ከዛ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉን፣ አንጎሉ ተጎድቶ እንቅስቃሴው ላይ ችግር አመጣ ማለት ነው። አንገቱን ችሏል፣ ከደገፍኩት ይቀመጣል፣ እግሩ ግን ግትር ነው፣ ላቆመው ስል በጣቱ ይቆምና እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ዳይፐር ልቀይርለት ስል ጭኑን ማላቀቅ ራሱ ትግል ነው በተለይ የግራው። አሁን አንድ ሰው አዲስ አበባ ተምሬ መጣሁ ብሎ ማዮፋሺያል ሪሊዝ የሚባል ቴራፒ ጀምሯል፣ ጡንቻውን የሸፈነው ነገር ስለተጣበቀ ነው እሱ ሲላቀቅ ይሄዳል አለኝ። 20 ጊዜ ነው፣ አንዱ 700 ብር። ባሌ ወጌሻ ከሚያሸው በምን ተለየ ይላል፣ አማቴ ደሞ ቅቤ እያለልሽ ትላለች። 14 ሺህ ብር ለኛ ብዙ ነው ግን ይሄዳል ሲሉሽ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

የደሴዋ
አብሽሪ እህቴ። የኔዋ 9 ዓመቷ ነው፣ አትራመድም። 3 ዓመቷ ላይ የሰማሁትን ሁሉ ስሞክር ወጌሻ ጋ ወሰድኳት፣ ጉልበቷን ቀጥ አደርጋለሁ ብሎ ሲጫናት ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ ጭኗ ተሰብሮ ስንት ሳምንት ጄሶ ውስጥ ከረመች። ሐኪሙ ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ይሳሳል አለኝ፣ እስከዛ ቀን ማንም አልነገረኝም። ወጌሻውን አልረግመውም፣ ወለምታ ሲሆን እኔም እሄዳለሁ፣ የሷ ግን ወለምታ አይደለማ። ምንም አድርጊ ብቻ በጉልበት የሚጫን ሰው ጋ እንዳትወስጂው።

ፊዚዮ ነኝ
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እዚሁ ወሎ ነው የምሰራው። ፋሺያ የሚሉት በግ ሲገፈፍ ስጋው ላይ የምታዪያት ስስ ነጭ ሽፋን ናት፣ ጡንቻውን ሁሉ ጠቅልላ ይዛለች። ማዮፋሺያል ሪሊዝ እንደ ወጌሻ ማሸት አይደለም፣ ቅባት የለውም፣ እጅን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ሳብ ጫን አድርጎ እስኪላላ ደቂቃዎች መጠበቅ ነው። አሜሪካ ጆን ባርንስ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ነው በጣም ያስፋፋው። በወጉ ከተሰራ ልጁን አያመውም፣ ካለቀሰ የሆነ ስህተት አለ።

የማልስማማው ሽፋኑ ተጣብቆ ነው ያለሽ ላይ ነው። የልጅሽ እግር የሚገተረው አንጎሉ ላላ የሚለውን ትዕዛዝ በአግባቡ ስለማያደርስ ነው። እጅ ያላላዋል፣ ትዕዛዙ ግን ያው ስለሆነ ተመልሶ ይገተራል፣ ሁሌ እንደተገተረ ሲያድግ ደሞ ጡንቻው ያጥራል። በነዚህ ልጆች ላይ የተሰሩት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፣ ይሄዳል ብሎ ቃል የሚያስገባ ነገር የለባቸውም። እንደውም ከብዶኝ ነው የምነግርሽ፣ እስከ 2 ዓመቱ ያለ ድጋፍ መቀመጥ የቻለ ልጅ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ በ4 ዓመቱ ገና ከሆነ ብቻውን የመሄዱ ነገር ጠባብ ነው፣ ይሄን ደሞ ማሳጅ አይቀይረውም።

ያስደነገጠኝ የግራው ያልሽው ነው። ብሩን ከመክፈልሽ በፊት የዳሌ ራጅ አስነሺው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው 3 ልጆች አንዱ ገደማ ዳሌው ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል፣ የማይቆም ልጅ ላይ ደሞ ይብሳል፣ መጀመሪያ ስለማያም ካልታየ አይታወቅም። ከዘገየ ኦፕራሲዮን ነው።

ሐረጎ
ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው ግን አትበሉ። እኛ ልጃችንን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ አሳርፈን 2 ወር አሰርተንለታል፣ መራመድ አልመጣም፣ ግን ሌሊት መተኛት ጀመረ እኛም ከሱ ጋር፣ ሆድ ድርቀቱም ቀለል አለው። የእንቅልፍን ነገር ያላየ አያውቀውም። የጠላሁት ሰውየው ግትርነቱን የሚያላላለትን መድኃኒት፣ ባክሎፌኑን፣ አቁሙ ማለቱን ነው።

ፊዚዮ ነኝ
@ሐረጎ ለዛ ከሆነ አልከራከርህም፣ ልጁ ከተመቸውና ብሩ ካላችሁ ጥሩ ነው። ባክሎፌን ግን በድንገት ማቆም አደጋ አለው፣ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም እንደዛው። አቁሙ የሚል ቴራፒስት ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

@እናቱ የዳሌው ራጅ ደህና ከሆነ እግሩን በቤት ውስጥ ሥራሽ መሃል ነው የምንሰራው። ስታዝይው ጭኖቹን ወገብሽ ላይ በደንብ ከፍተሽ እዘይው፣ አንቀልባ የሚያህል መሣሪያ አላየሁም። ሲተኛ በጭኖቹ መሃል ፎጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪ። ለቁርጭምጭሚቱ ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል በልኩ የፕላስቲክ ድጋፍ ይሰራል፣ እያደገ ሲሄድ መቀየር አለበት። አማትሽም በቅቤ ቀስ አድርገው ይሹት፣ ለሱ 700 ብር አይጠይቁሽም።

እናቱ ከኮምቦልቻ
እሺ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ስለ መሄዱ ያልከኝን ሳነብ አልቅሻለሁ፣ ግን 4 ዓመት ሙሉ በግልፅ የነገረኝ ሰው የለም። ለሰውየው ደውዬ ራጅ ሳላስነሳ አልጀምርም አልኩት፣ ራጅ ምን ያደርጋል አለኝ፣ እዛው ጨረስኩ። ሰኞ ደሴ እንወጣለን፣ ለማዕከሉ ሪፈር ያስፈልጋል?

የደሴዋ
እኛን ጠይቀውናል፣ ራጁን ከሚያዝልሽ ሐኪም አብረሽ አፅፊ። በጠዋት ውጪ ወረፋው ይረዝማል፣ ሹራብ ደርቢለት ደሴ እንደናንተ ሙቀት የለም፣ ብርድ ሲነካው እግሩ ይብስበታል።