ብዙ ያልተወራላቸው፣ ግን ሊታዩ የሚገባቸው ፊልሞች እንዴት ይገኛሉ?

የሰሚት ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ማታ ማታ ፊልም ለማየት ስቀመጥ፣ ከማየቱ ይልቅ በመፈለጉ የማጠፋው ጊዜ እየበዛ ተቸግሬአለሁ። የምጠቀምበት መተግበሪያ ትናንት ያየሁትን የሚመስል ዛሬም ያቀርብልኛል፤ ነገም እንደዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ወዳጄ በፍላሽ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ሰጠኝ። እናቱን በሞት ያጣ ልጅ በጉን ከአጎቱ ቢላ ለማስጣል የሚያደርገውን ጥረት ስመለከት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ የቀረበን የሀገሬን ፊልም እስከዚያ ቀን አለማየቴ አሳፈረኝ። እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በአጋጣሚ ሳይሆን በዘዴ የምታገኙ ካላችሁ፣ መንገዳችሁን ብታካፍሉኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ባለማስታወሻው

ወንድሜ፣ የእኔ ዘዴ የፊልሙን ዘውግ ትቶ ሰውን መከተል ነው። አንድ ፊልም ደስ ካሰኘኝ፣ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ ሲመጣ አልነሣም፤ የአዘጋጁን፣ የካሜራ ባለሙያውንና የአርታኢውን ስም በደብተሬ ላይ እጽፍና ሌላ ምን እንደ ሠሩ እፈልጋለሁ።

ለምሳሌ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ስለተሸለመ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የአዘጋጁን የኃይሌ ገሪማን ስም ይዞ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያገኛል። ይህ ፊልም የተቀረጸው በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሡ እየወረዱ ደርግም ገና ሳይደላደል በነበረበት ወቅት፣ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን፣ የሚተውኑት በአብዛኛው የትወና ሙያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ አይቸኩልም። ትዕግሥት ከሌለዎት ለሌላ ቀን ያቆዩት እንጂ በስልክ እየቆራረጡ አይዩት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የኛን ሰዎች ስም ሲፈልጉ «ኃይሌ»ንም «ሃይሌ»ንም እየጻፉ ይሞክሩ፤ የላቲኑ አጻጻፍማ ከዚህም የባሰ ዝብርቅርቅ ነው። እኔ አንድን ፊልም ለወራት ያጣሁት በአንዲት ፊደል ምክንያት ነበር።

ከዋሽንግተን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንዳንድ ፊልም የማይታወቀው ተመልካች ስለማይፈልገው ሳይሆን አከፋፋይ ስላጣ መሆኑም መታሰብ ይኖርበታል። እዚህ የምንኖር ሰዎች ይህንን ከኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ተምረናል። አንዲት የዘመናችን ጥቁር አሜሪካዊት ጋና ባሕር ዳርቻ ካለ የባሪያ ምሽግ ወደ ባርነት ዘመን የምትወሰድበት ይህ የ1993 እ.ኤ.አ. ፊልም በአሜሪካ አከፋፋይ በማጣቱ፣ ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳይተውታል። በኋላም በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማዶ፣ በፊልሙ ስም መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት ቤት ከፍተዋል። እኔ ስለ ሌሎች የአፍሪካ ፊልሞች የሰማሁት እዚያ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ አጠገቤ ከተቀመጡ ሰዎች ነው። መተግበሪያው ያላቀረበልኝን አንድ ሽማግሌ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አቀረቡልኝ።

አዲስ አበባ ላሉት ደግሞ የጎተ ኢንስቲትዩትንና የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን መርሐ ግብር መከታተል ይጠቅማል፤ የሚያሳዩት ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

ቆየት ያለ ተመልካች

ሽልማትን ብቻ መከተል ግን ከመተግበሪያው የተሻለ አይመስለኝም፤ ያም ሄዶ ሄዶ ሁሉም ሰው የሚደጋግመው አንድ ዝርዝር ይሆናል። እኔ የምከተለው የታደሱ ፊልሞችን ነው። አንድን የተበላሸ ፊልም ክፈፍ በክፈፍ አጽድቶ ማደስ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ አንድ ሰው ይህን ያህል የደከመለት ፊልም ቢያንስ አንድ ዕድል ይገባዋል። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዚ በ2007 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ድርጅት (ወርልድ ሲኒማ ፋውንዴሽን፣ አሁን ወርልድ ሲኒማ ፕሮጀክት) ያሳደሳቸውን ፊልሞች ስም አንድ በአንድ ይመልከቱ። የሴኔጋላዊውን የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲን «ቱኪ ቡኪ» ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ከዳካር ወደ ፓሪስ ለመሄድ የሚያልሙ ሁለት ፍቅረኞች፣ የበሬ ቀንድ በታሰረበት ሞተር ብስክሌት ሲከንፉ ያያሉ። የ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። ያንን ቀንድ አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

በተረፈ ሰው ቀንሶና ቆርጦ የጫነውን ቅጂ ከማየት ይጠንቀቁ። እኔ አንድን ፊልም አሰልቺ ነው ብዬ ከፈረድኩ በኋላ ግማሽ ሰዓቱ የጎደለ ቅጂ እንዳየሁ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የሰሚት ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከእናቴ ጋር አየሁት። እኔ መጀመሪያ ላይ በዝግታው ተቁነጥንጬ ነበር፤ እናቴ ግን ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገልጋዩን ሲሰድበው ገና ከመጀመሪያው «ይህንን ሰውዬማ አውቀዋለሁ» ብለው ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እርሻው ሲታይ ወደ ኋላ መልስልኝ አሉኝና ደግመን አየነው።

የሚቀጥለው ሳምንት ተራ የ«ቱኪ ቡኪ» ነው። የአማርኛ ትርጉም ስላላገኘሁለት የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ ለእናቴ ጮክ ብዬ መተርጎሜ አይቀርም።