ቶሎ ድረሱልኝ! ነገ በረራ አለኝ፣ የስልኬ ካሜራ ይንቀጠቀጣል

ሰሚራ፦ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት በሴስና ካራቫን (ትንሽ አውሮፕላን ናት) ከቦሌ ተነስተን፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ አድርገን አርባ ምንጭ እንወርዳለን። ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። አሁን ካሜራውን ስከፍተው ምስሉ እንደ ውሃ ይናወጣል፣ ስልኩም ትርርር ይላል። ምን ላድርግ?

ቀልደኛው፦ ከፍታ ፈርቶ ይሆናል፤ ዝንጅብል አጠጪው።

ማሙሽ7፦ አጥፍተሽ አብሪው።

ጋሽ ክንፉ፦ ልጄ፣ ከስልኩ በፊት ወንበርሽን አስቢ። የካራቫን ክንፍ ከላይ ስለሆነ ቁልቁል ለማየት ያመቻል፤ ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ግን መሀል የተቀመጠውን ሰው ይጋርደዋል። ኋላ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጪ። ወደ ደቡብ ስትበሩ የጠዋት ፀሐይ በግራ ናት፤ በቀኝ ያለው ሁሉ ፊቱ በርቶ ይታያል። አውራ ጎዳናውን ተከትላችሁ ከበረራችሁ አብጃታና ሻላ በቀኝ፣ ላንጋኖ በግራ ይመጣሉ።

ባለ ሌንስ፦ በቀኙ ነገር አልስማማም ጋሼ። የካራቫን ጭስ ማውጫ ከአፍንጫው ሥር በቀኝ በኩል ነው። በዚያ በኩል ቁልቁል ካነሳች ትኩሱ አየር ምስሉን ምድጃ ላይ እንዳለ ያርገበግበዋል።

ጋሽ ክንፉ፦ ቁልቁል ማን አላት? አግድም ወደ ተራራው ታንሳ።

ጥገና ቤት፦ ስልኩ ላይ ማግኔት ያለው መያዣ አለ? ሌንሱን የሚያረጋጋው ክፍል የሚሠራው በጥቃቅን ማግኔቶች ነው፤ ሌላ ማግኔት ሲጠጋው ይረበሻል። አውልቀሽ ሞክሪ። ካልቆመ ካሜራው ላይ 0.5 የሚለውን ነክተሽ ወደ ሰፊው ሌንስ ቀይሪው፤ በብዙ ስልኮች እሱ ይህ ማረጋጊያ የለውም። 0.5 ላይ ረጋ ካለ የተበላሸው የዋናው ሌንስ ማረጋጊያ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚህ ሰዓት አይጠገንም። ሞተር ሳይክል እጀታ ላይ ታስሮ የዋለ ስልክ እንዲህ ይሆናል፤ አፕልም ስለ ሞተር ንዝረት ያስጠነቅቃል።

ማሙሽ7፦ አጥፍታ ታብራው አልኩ እኮ።

ሰሚራ፦ አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው! መያዣው አዎ ማግኔት አለው። ነገም በሱ መስኮቱ ላይ ልለጥፈው ነበር።

ባለ ሌንስ፦ እንዳትሞክሪው! መስኮቱን ከነካ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ሁለት ጣት ያህል አርቀሽ በእጅሽ ያዢው፣ ክርንሽንም ግድግዳው ላይ አታስደግፊ። ጥቁር ልበሺ፤ ነጭ ሸሚዝ መስኮቱ ላይ ያንጸባርቃል። መስኮቱ መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ በአልኮል ከተጠረገ ይሰነጣጠቃል፤ ቆሽሾ ካገኘሽው ለፓይለቱ ንገሪው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ካለሽ ቤት ተዪው፣ ምስሉ ላይ ቀስተ ደመና ያወጣል። የመዝጊያውን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጊው። ሩቅ ተራራ ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ፎከሱን ቆልፊ፤ አለዚያ የመስኮቱን ጭረት ነው የሚይዝልሽ።

የጫሞ ልጅ፦ ዋናው ሌንስ ቢበላሽስ ምን ቸገረሽ? ዓባያና ጫሞ፣ መሀላቸው ካለው የእግዜር ድልድይ ከሚባለው የመሬት ሸንተረር ጋር፣ በአንድ ፎቶ ለመግባት 0.5 ነው የሚፈልጉት። የቀለም ሚዛኑን ግን አውቶ ላይ አትተዪው። ዓባያ በደለሉ ምክንያት ቀይ ቡናማ ነው፣ ስልኩ “ላስተካክል” ብሎ ግራጫ ያደርገዋል።

ቀልደኛው፦ ማሙሽ፣ አውሮፕላኑንስ አየር ላይ አጥፍተን እናብራው?

ጥገና ቤት፦ ሰሚራ፣ ማግኔቱን ስታወልቂው ቆመ ወይስ አልቆመም?