ጫማ ከመላካችሁ በፊት እህታችሁ ጋ ደውሉ

ሰላም ውጭ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው "የደብረ ብርሃኑን የልጆች ሩጫ ክለብ በምን እንርዳ፣ አዲስ ልጆችስ ለምን አይበዙም?" ብላችሁ ነበር። ረዘም አድርጌ ልመልስላችሁ።

እንደምታውቁት ጀርመን ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ፍራንክፈርት የገባሁ ሰሞን ሰፈሬ ውስጥ የስፖርት ማኅበር ማስታወቂያ ነበር። እዛ "ፌራይን" ነው የሚሉት። በየሰፈሩ አለ፣ መዋጮውም ያን ያህል አይከብድም፣ መጀመሪያ በነፃ ሞክረህ ከወደድከው ትመዘገባለህ። በየቀኑ አጠገቡ እያለፍኩ ስድስት ወር ሙሉ አልሄድኩም። ቋንቋው ያስፈራል፣ ሜዳ ዳር ብቻህን መቆም ደግሞ ከቋንቋውም ይብሳል። በኋላ አንድ ማክሰኞ ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳና "ጫማህን አድርግ፣ አብረን ነው የምንሄደው" አለኝ። ከዛ ወዲያ አልቀረሁም።

እዚህ ክለቡን ስንጀምር ግን ባነር አሠራን፣ ቴሌግራም ላይ ለጠፍን፣ ትምህርት ቤት ሄደን ሰልፍ ላይ ተናገርን። አስራ አንድ ልጅ መጣ፣ ሁሉም ወንድ። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ለሩጫ የተፈጠረ ነው እንላለን፤ ይሄን ስናወራ ልጁ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ይመስለናል። አይመጣም።

ከዛ ከውጭ ጫማ ተላከልን። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በፍቅር እንደተላከ አውቃለሁ። የታደለ ቀን ሜዳው ሞላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ሆነ። ጫማ የሌለው ልጅ ለጫማ ቢመጣ አልፈርድበትም። ግን እዛ ሜዳ ላይ የሚያቆየው ሌላ ነገር አላገኘም።

ነገሩ የተቀየረው እናቶች ቤት መሄድ ስንጀምር ነው። ጠባሴ አንዲት እናት ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ አልን። ልጃቸው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እትዬ ሲኒውን እያቀበሉኝ "ልጄ፣ አትሩጥ አላልኩም። ግን በዚህ ብርድ፣ ባዶ ሆዷን፣ በጨለማ ከማን ጋር ትሄዳለች?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ልምምዱ ሌሊት አስራ አንድ ተኩል ላይ ነበር። ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነው የሚነጋው፣ ታውቁታላችሁ። የጌጤ ዋሚን ነገር ሳነሳ "የጫጫዋን?" ብለው ፊታቸው በራ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ከዚሁ ከአጠገባችን፣ ከጫጫ የወጣች ልጅ ናት። ግን ጌጤም ብትነሳ ጨለማው ጨለማ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ቀየርን። አሁን ከትምህርት መልስ አስር ሰዓት ላይ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሴቶቹ በቱታ ይሮጣሉ፣ ቁምጣ የሚያስገድዳቸው የለም። የአንድ ሰፈር ልጆች እየተጠራሩ፣ በየበሩ እያንኳኩ አብረው ይመጣሉ። ከልምምድ በኋላ በሶ አለ፣ እናቶቹ በተራ ያመጣሉ። እድር ላይም የወር መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ አምስት ደቂቃ ለመንን። የመጀመሪያው ጥያቄ "ትምህርቱን ቢተውስ?" ነበር። ካርዱን እያየን ነው የምናሠራው አልን፣ እንደዛም እያደረግን ነው። ይሄ ሁሉ የፈጀው ብር የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ከተማችን ብዙ ተፈናቃይ ወገኖቻችንን ተቀብላለች። ከመጠለያው የመጣ አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳው ዳር ቆሞ ያየን ነበር። እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ ሲሮጡ በዓይኑ እየተከተለ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ "ለምን አትገባም?" አልኩት። "የናንተ መስሎኝ" አለኝ። ፍራንክፈርት በማስታወቂያው አጠገብ ሳልገባ የማልፈው እኔ ራሴ ትዝ አልኩኝ። አሁን በየሳምንቱ መጠለያው ድረስ የሚሄድ ሰው መድበናል። የሚሄዱት ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፣ ምክንያቱም ልጅ ልጅን ነው የሚያምነው።

እና ወደ እናንተ ስመለስ፣ መጀመሪያ የምፈልገው ስልካችሁን ነው። ደብረ ብርሃን እህት፣ አክስት፣ የወንድም ሚስት የሌለው ከመካከላችን የለም። ደውላችሁ "ልጅሽን ላኪያት፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ" በሏት። እኔ አስር ጊዜ ከምናገረው የእናንተ አንድ ስልክ ይበልጣል፣ የእኔን ቃል አታውቀውም፣ የእናንተን ታምናለች። እዛው ባላችሁበት የሰንበት ኳስ ያላችሁም እንደዚሁ አድርጉ፤ አዲስ የመጣው ልጅ ግሩፑ ውስጥ ስለገባ ብቻ ሜዳ አይመጣም፣ በመኪናችሁ ሄዳችሁ አምጡት።

ጫማውንም አትተዉት፣ ያስፈልገናል። ያለፈው አብዛኛው 43 እና 44 ቁጥር ነበር፣ የእኛ ልጆች ግን ከ35 እስከ 39 ነው የሚያደርጉት። ለአሰልጣኙ ትራንስፖርት የወር ትንሽ ነገር የሚያዋጣ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።

እህታችሁ እሺ ካለች ሰፈሯን ብቻ ንገሩኝ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሯን የሚያንኳኩ ልጆች አሉን።