በምክር ቤት ለሴቶች የተከለለ ወንበር ይኑር? ክርክር

አወያይ፦ ዛሬ የምንከራከርበት ጥያቄ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሴቶች ብቻ የሚከለሉ ወንበሮች በሕግ ይደንገጉ ወይስ አይደንገጉ የሚል ነው። ጥያቄውን ያነሣሁት ባለፈው ስንወያይ አንድ ወዳጃችን «ዴሞክራሲ ማለት መራጩ የፈለገውን መምረጡ ነው፤ ከዚያ በላይ ፍትሕ ፍለጋ መሄድ መራጩን መናቅ ነው» ብሎ ስለተናገረና አጥጋቢ መልስ ሳንሰጠው ስለተለያየን ነው። ለመነሻ ያህል፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ከቆየው የበታችነት ታሪክ የተነሣ የልዩ ድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ እንዲሆኑ ደንግጓል። በአንቀጽ 54 ደግሞ ከ550 ከማይበልጡት መቀመጫዎች ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆኑ ይላል። ስለዚህ ወንበር መከለል ለሕጋችን እንግዳ አሳብ አይደለም።

ጠበቃዋ፦ እኔ ይደንገግ ከሚሉት ወገን ነኝ። መራጩ የፈለገውን ይመርጣል ሲባል፣ በፊቱ የሚቀርቡለትን ዕጩዎች አስቀድሞ ማን እንደመረጣቸው መጠየቅ አለብን። በእኛ አገር በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። በዚህ ሥርዓት አንድ ፓርቲ ለአንድ ወንበር የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ያንን አንድ ሰው የሚለዩት የፓርቲው ሹማምንት ናቸው፤ እነርሱም በአብዛኛው ወንዶች በመሆናቸው የሴቲቱ ጉዳይ የድምፅ መስጫው ቀን ከመድረሱ በፊት ይዘጋል። ውጤቱን በሕጎቻችን ታሪክ አይተነዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነ ሲደነግግ፣ የጋብቻን ዕድሜም ለወንድ 18 ለሴት 15 አድርጎ ሲወስን፣ በሕጉ የምትተዳደረውን ሴት የጠየቃት አልነበረም። ሁለቱም እኩል 18 ዓመት እንዲሆኑ የተደረገው 40 ዓመት ቆይቶ፣ በ1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አንዲት አገር የግማሽ ሕዝቧን ትዳርና ንብረት የሚወስን ሕግ እነርሱን ሳታማክር ባወጣች ቁጥር፣ እነዚያ ሰዎች ሕጉን ከላይ እንደወረደ ትእዛዝ ይቀበሉታል እንጂ የእኔ ነው አይሉትም፤ የእኔ ነው ያላሉትንም ሥርዓት አንድ ቀን ጉልበተኛ ሲያፈርሰው «በሕግ አምላክ» ብለው አይቆሙለትም።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦ እህታችን ያነሡት ታሪክ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያው ታሪክ እኔን ወደ ሌላ መደምደሚያ ይወስደኛል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ምክር ቤት ገብተዋል። አንቀጽ 635ን የያዘው የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው ከዚያ በኋላ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጸደቀው በምክር ቤቱ የነበሩት ሴቶች እጅግ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ሲሆን፣ ለዚያ ያበቃውም በአመዛኙ ከምክር ቤቱ ውጪ የነበረው ግፊት፣ በተለይም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያካሄደው ብርቱ ሙግት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስታውስ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ የበለጠውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በጾታ እኩልነት መብት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ያንኑ ማኅበር አዳከመው። ይህን አዋጅ ያጸደቀው ምክር ቤት ግን የቤተሰብ ሕጉን ካጸደቀው ይልቅ ብዙ ሴቶች የተቀመጡበት ነበር። በ2007ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 212ቱን፣ ማለትም ወደ 39 በመቶ የሚሆነውን፣ ሴቶች ያዙ፤ ሆኖም 547ቱም መቀመጫዎች የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ስለነበሩ በዚያ አዳራሽ ተቃውሞ የሚያሰማ ሴትም ወንድም አልነበረም። ስለ እኩልነት ከልቤ ግድ ይለኛል። ሦስት ሴት ልጆች አሳድጌአለሁ። ቁጥሩ እየሞላ ክርክሩ የሚጠፋበት ምክር ቤት ግን ለእነርሱ ምን እንደሚጠቅማቸው አይታየኝም።

የግብርና ባለሙያዋ፦ ስለ ፌዴራሉ ምክር ቤት ከእናንተ የተሻለ አላውቅም፤ የምናገረው ስለ ቀበሌ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። በወረቀት ደረጃ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በአንድ ቀበሌ ግን የመሬት ኮሚቴው አባላት በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ከባሏ የተፋታች ሴት ስለ ድርሻዋ ልታመለክት ስትመጣ ወንድሟን ይዛ መጣች፤ የሚናገረውም እርሱ ነበር። ክፉ ቃል የተናገራት ሰው የለም፤ የከለከላትም የለም። ወንድሟ ግን ስለ ራሱ ማሳ ድንበር የሚያነሣው አቤቱታ ስለነበረው የእርሷ ጉዳይ መጀመሪያ ወደ ከሰዓት፣ ቀጥሎም ወደ ሌላ ቀን ተቀጠረ። በኋላ በመመሪያ ግዴታ ሁለት ሴቶች ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። አንዷ ለወራት ቃል አልተነፈሰችም። ሌላዋ ግን አመልካች ሴት በመጣች ቁጥር ወንዱን በትሕትና ታስቆምና «አንቺ ራስሽ ንገሪን» ትላት ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል የገባኝ ያኔ ነው፤ ማንንም ሳይከለክል፣ ማን ስለ ማን እንደሚናገር ብቻ በመወሰን ይሠራል። መምህራችን ዝም ያለችይቱን አይተው ቁጥር ብቻ ነው ቢሉ እውነት አላቸው። ሁለተኛይቱ ግን ያለዚያ መመሪያ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር።

መምህሩ፦ ይህን ምስክርነት አልቃወምም፤ እንዲያውም ከእስካሁኑ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ሆኖም ያቺ ሴት ጎረቤቶቿ በየዕለቱ የሚያገኟት፣ ብታጠፋ በደጃቸው የምታልፍ ሰው ናት። ፓርቲ በዝርዝር ጽፎ ምክር ቤት የሚያስገባት ሴት ግን የምትፈራው የጻፋትን ነው።

ጠበቃዋ፦ እንግዲያስ የተከበሩ መምህር፣ የቀረን ልዩነት ወንበሩን የሚሞላው ማን ነው በሚለው ላይ ነው፤ በዚህ ላይ ደግሞ የሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ልምድ ያስተምረናል። በታንዛኒያ ልዩ መቀመጫዎቹ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ይከፋፈላሉ፤ ሴቶቹን የሚመርጠው ፓርቲው ነው፤ የእርስዎ ስጋት በትክክል ይህን ይመለከታል። በሩዋንዳ ከ80 መቀመጫዎች 24ቱ ለሴቶች የተከለሉ ሲሆኑ የሚሞሉት በአካባቢ ምክር ቤቶችና መሰል መራጮች ነው። በኡጋንዳ ግን እያንዳንዱ ወረዳ አንዲት ሴት ተወካይ ይልካል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮም ወንዱም ሴቱም መራጭ በቀጥታ ድምፁን ይሰጣታል። እኔ የምደግፈው ይህን ሦስተኛውን ነው። ለእኛ አገር አስቸጋሪነቱን አልሸሽግም። የምርጫ ክልሎቻችን 547 ስለሆኑ ከ550ው ጣሪያ በታች የቀሩት ሦስት ወንበሮች ብቻ ናቸው። ወይ ክልሎቹን እንደገና አስፍቶ መሸንሸን፣ ወይ ጣሪያውን ለማንሣት ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ያስፈልጋል፤ ማሻሻያው ደግሞ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛዎቹን ይሁንታ ይጠይቃል። ቢሆንም በሕግ መጻፍ አለበት እላለሁ። በጥቅምት 2011 ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ ሁላችንም ተደስተን ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በጎ ፈቃድ የመጣ እኩልነት በሚቀጥለው ሹም ሽር ሊቀነስ ይችላል፤ ሲቀነስም አቤት የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም።

መምህሩ፦ በቀጥታ ምርጫ ከሆነ አቋሜን ለማለዘብ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሁለት ነገሮች ግን በሕጉ ይግቡ። አንደኛ፣ በእነዚህ ወንበሮች የግል ተወዳዳሪ የሆነች ሴት ያለ ፓርቲ ቡራኬ መወዳደር ትችል፤ የምርጫ ዘመቻዋም ከመንግሥት በጀት ይደገፍ፤ አለዚያ ወንበሩ መልሶ የፓርቲ ንብረት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ድንጋጌው ከሦስት ምርጫዎች በኋላ እንደገና ይታይ።

የግብርና ባለሙያዋ፦ የመጀመሪያውን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ግን መምህራችን መልሰው እንዲያዩት እለምናለሁ። አወያያችን ያነበቡልን አንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች ወንበር ሲከልል የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን ሴቶች ላይ ብቻ የምንጽፍበት ምክንያት ካለ ልስማው፤ ከሌለ ግን የሚቆጠረው የምርጫዎች ብዛት ሳይሆን ስለ ገዛ መሬቷ ለማመልከት ወንድሟን የምታስቀድም ሴት መኖር አለመኖሯ ይሁን።