ወደ ቁልቢና ድሬዳዋ ከሁለት ሕፃናት ጋር፦ መንገዱን እንዴት እንክፈለው?

የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የማደርሰው ስለት አለብኝ። ከዚያ ድሬዳዋ ወርደን የባለቤቴ አክስት ዘንድ ጥቂት ቀናት እንቆያለን። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጄና የአምስት ወር ወንድ ልጄ ነን። መኪናችን ቪትዝ ናት፤ ሳቁብኝ፣ ግን ያለችን እሷ ናት።

ባለቤቴ "ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተን በአንድ ቀን ድሬ እንገባለን፣ ልጆቹም ተኝተው ይደርሳሉ" ባይ ነው። አማቴ ደግሞ ሕፃኑን አቅፌው እሄዳለሁ፣ የምን የመኪና የልጅ ወንበር ነው ይላሉ። በዚያ ላይ ቆላው ስለሚሞቅ በየመሐሉ ውኃ እናቀምሰዋለን ብለው ከወዲሁ ትንሽ ጡጦ ገዝተዋል። ትልቋ ልጄ ከመገናኛ ቃሊቲ እስክንደርስ እንኳ የምታስመልስ ናት። መንገዱን የምታውቁት ምከሩኝ። የት እንደር? ምን እንያዝ?

ፉሪ ሰፈር

ባቡሩን ለምን አትሞክሩትም? መሳፈሪያው እዚሁ ለቡ ነው። ልጅ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ይራመዳል፣ መጸዳጃ ቤት አለ፣ ጠመዝማዛም የለውም። የበዓል ሰሞን ትኬት ስለሚጣበብ ቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ ከሕፃን ጋር ከመኪና በብዙ ይሻላል።

የከዚራ ልጅ

ባቡሩን አልነቅፍም፤ የድሬ ልጅ ሆኖ ባቡር የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ሐዲዱ በቆላው በኩል ነው የሚያልፈው፣ ቁልቢ ደግሞ ተራራ ላይ ናት። በባቡር ድሬ ከወረዱ በኋላ ለስለቱ ያንኑ ዳገት በተከራዩት መኪና ሊወጡት ነው። ድሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ባቡር እል ነበር።

እህቴ፣ ድሬ ተወልጄ አድጌ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሦስቱም ልጆቼ ገና በጡት ሳሉ በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ከአዲስ አበባ ድሬ ወደ 515 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብቻውን ቢነዳ በአንድ ቀን መግባቱን አልከራከረውም። ሕፃንን ግን ከርቀቱ ይልቅ የሚያደክመው መውጣትና መውረዱ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከአዲስ አበባ ብርድ ተነስታችሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትደርሱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። ከሚኤሶ በኋላ እንደገና ትወጣላችሁ፤ ሂርናና ቁልቢ ላይ ከሰዓት በኋላ ሹራብ ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ በደንገጎ ቁልቁል ወደ 1,200 ሜትር ግድም ወደምትገኘው ድሬ ትወርዳላችሁ። ትልቅ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሲያልፍ ራሱን ያመዋል። የአምስት ወር ልጅ ራሴን አመመኝ ስለማይል ያለቅሳል፣ እናንተም "ርቦት ይሆናል" እያላችሁ ግራ ትጋባላችሁ።

በሌሊት መንዳት የሚባለውን እርሱት። ግመል መብራት የለውም፤ ከመተሐራ ወዲያ ደግሞ ግመልና ፍየል አስፋልቱን የራሳቸው ያደርጉታል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ልጆቹን ከእነ ፒጃማቸው አንስታችሁ ወንበራቸው ላይ አስሯቸው፣ አዳማ ድረስ በፍጥነት መንገዱ ይተኛሉ። 85 ኪሎ ሜትር ያለ ጉድጓድና ያለ ባጃጅ የምታገኙት እዚያ ብቻ ስለሆነ ተጠቀሙበት። ቁርስ አዳማ ይሁን። ልብስም እዚያው ይቀየር፤ ልጁን ጃኬት እንዳለበሳችሁት ወለንጪቲን ካለፋችሁ መተሐራ ላይ በላብ ተነክሮ ታገኙታላችሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ በተከፈተው መስኮት ነፋስ ይመታዋል። ስስ ጥጥ ከሥር፣ ሹራብና ጃኬት ከላይ፤ እየገፈፋችሁ ሂዱ፣ ስትወጡ መልሱ።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅን ለትልቋ አሳያት። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ያስቸገረ ነው፤ አባቷ ይህን ሲያብራራላት እሷ ግን የምታየው ወፎቹን ይሆናል። ብዙ አትቁሙ። ዓላማችሁ አዋሽን ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ማለፍ ይሁን፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ቆላውን ትታችሁ ወደ ደጋው መውጣት ጀምራችሁ መሆን አለበት። እስከ አዋሽ ድረስ የጅቡቲ ተሳቢዎች ያስጨንቋችኋል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና አብዛኞቹ ወደ ሚሌ ይታጠፋሉ፣ እናንተም ትንፋሽ ታገኛላችሁ። በእነሱ ፈንታ የጫት መኪናዎች ይመጣሉ፤ ሲመጡባችሁ ወደ ዳር ብላችሁ አሳልፏቸው፣ ከእነሱ ጋር መፎካከር የለም።

ሚኤሶ አካባቢ መንገድ ዳር የግመል ወተት ይሸጣል። እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ለልጅ ግን ጥሬ ወተት አይሰጥም። ነገሩ ጾም ነውና ለትልቋ እንቁላልና ወተት በየምግብ ቤቱ እንዳይቸግራችሁ ቅቅል እንቁላል ከቤት ያዙ፤ ጠዋት ግን ይበላ፣ ሙቀት ውስጥ አይዋል። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ቆንጠር ቆንጠር የምታደርገው ነገር ይበቃታል። ሆዷን ሞልታችሁ ጠመዝማዛው ላይ እንዳትወጡ፤ ባዶ ሆድም ያስመልሳል፣ ሙሉ ሆድም ያስመልሳል። አይኗ ወደ ፊት ይይ፤ ስልክ ላይ ካርቱን ከፍተሽ ካስጎነበስሻት በራስሽ ፈረድሽ። ሎሚ ማሽተት ይረዳል ይላሉ፣ የእኔን ልጆች ረድቷል። ፌስታል ግን ከሎሚው ይቀድማል፤ እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ቁልል ይኑርሽ፣ ቀዳዳ እንደሌለውም አስቀድመሽ እዪ።

አዳራችሁ ቺሮ ይሁን፣ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ። ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ጨርሳችሁ ከሰዓት በኋላ ትደርሳላችሁ፣ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ልጆቹም ሜዳ ላይ ሮጠው ይተኛሉ። "ትንሽ ነው የቀረን፣ እንግባ" የሚለውን የባለቤትሽን ድምፅ ከአሁኑ ይሰማኛል። አትስሚው። ከቺሮ በኋላ ያለው መንገድ ነው ጠመዝማዛው፤ የደከመ ልጅ፣ የደከመ ሹፌርና የደከመች አማት ይዞ የሚወጣ አይደለም።

ስለ ስለቱ ደግሞ፣ ሕፃን ይዛችሁ በዋዜማውና በንግሡ ዕለት ግፊያው ውስጥ ባትገቡ ደስ ይለኛል። ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ብትሳለሙ ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው።

ስለተኛዋ

የከዚራ ልጅ የተናገረችው ሁሉ ማር ነው፣ የመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። ታኅሣሥ 19 ተብሎ የተሳለ ስለት በታኅሣሥ 19 ነው የሚደርሰው። እኔ የአራት ወር ልጄን በዕለቱ አዝዬ ገብቻለሁ።

የከዚራ ልጅ

እህቴ፣ ስለቱ የእርስዋና የገብርኤል ነው፣ መሐላቸው አልገባም። የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። በዕለቱ ከሆነም መኪናውን ራቅ አድርገው አቁመው በእግር መሄዳቸውን ይወቁት፤ ልጁ በአንቀልባ ከፊት ይታቀፍ፣ በጀርባ አይታዘል። በግፊያ ውስጥ ከጀርባሽ ያለውን ፊት አታዪውም። ትልቋን አባቷ ትከሻው ላይ ያውጣት፤ ልብሷም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በብዕር ጻፉ።

ነርስ ነኝ

የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። መንገዱን አላውቀውም፣ ስለ ጡጦው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስድስት ወር ያልሞላው ጡት የሚጠባ ልጅ ውኃ አያስፈልገውም፣ በሙቀትም ቢሆን። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። ሙቀት ሲሆን ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ውኃውን እናትየዋ ትጠጣ። አማትሽ የሚሰጡት ውኃ ሆዱን ሞልቶ ጡቱን ያስቀርበታል፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ይህን ከእኔ ሰማሁ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ከምራት አፍ ይልቅ ከነርስ አፍ ይቀላቸዋል።

ወንበሩ ግዴታ ነው። መኪና በድንገት ሲቆም በክንድ የታቀፈ ሕፃን ከክንድ ይወጣል፤ የሰው ጉልበት ያን ኃይል አይችለውም። ወንበሩ ከኋላ፣ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ይታሰር። ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ እንዲህ ዞሮ የተቀመጠ ሕፃን ኤርባጉ ሲፈነዳ ሊሞት ይችላል። ለማጥባት መኪናው ይቁም። ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ በየመሐሉ አውጥታችሁ ነቅቶ ሳለ በጀርባውና በደረቱ አጋድሙት። መኪና ውስጥ ደግሞ "ለአንድ ደቂቃ ነው" ተብሎ ተዘግቶበት እንዳይቀር፣ አዋሽ ላይ በተለይ።

ለሚያስመልሳት ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማስመለስን የሚያስታግስ መድኃኒት አትስጪ። ኦአርኤስ ያዢላት፣ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ልክ ይበጥበጥ። ትንሹ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው መሄጃው፣ መንገድ አይቀጠልም።

ወባን አትርሱ። ድሬዳዋ ላይ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ በደረቁ ወቅት ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት፤ ከረግረግ ይልቅ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ስለዚህ "ዝናብ የለም፣ ወባም የለም" አይሠራም። አክስት ቤት ያለው የውኃ በርሜል ይከደን፣ ልጆቹ በአጎበር ውስጥ ይተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛቸው "ድሬ ነበርን" ብላችሁ አስመርምሩ፤ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርሷን ጽሑፍ ለአማቴ አነበብኩላቸው። "እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት በነርስ ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡ፤ ማታ ግን ጡጦውን ለትልቋ ሰጥተዋት አየሁ። ቺሮ ማደሩም ተወስኗል። አሁን የቸገረኝ ሁለት የልጅ ወንበር፣ ሦስት ትልልቅ ሰውና ሻንጣ በቪትዝ እንዴት እንደሚገባ ነው።

የአይሱዙ ሹፌር

ይገባል፣ ግን ሻንጣውን ቀንሱ። ወንበሮቹን ከኋላ ግራና ቀኝ አድርጊ፣ አንቺ መሐል ትሆኛለሽ፤ ትጣበቢያለሽ፣ ለሁለቱም ግን እጅሽ ይደርሳል። ትልቋ ከሹፌሩ ጀርባ ትሁን፤ የትንሹ ወንበር ከኋላ ዞሮ ሲታሰር የፊቱን መቀመጫ ስለሚገፋ እማማ ከፊት ጠጋ ብለው ይቀመጡ። ወንበሩን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩት፣ ያገለገለ ከሆነም አደጋ የደረሰበት እንዳይሆን። የትርፉን ጎማ ነፋስ አስለኩ፤ ከሻንጣ ሥር ስለሚቀበር ሰው የሚያስታውሰው ሌላኛው ሲፈነዳ ነው።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር፦ ከደንገጎ ወደ ድሬ ሲወርድ ፍሬኑን ረግጦ አይውረድ፣ ይግላል። ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ይያዘው። በበዓሉ ሰሞን ደግሞ በእግራቸው የሚሄዱ ተሳላሚዎች በጨለማ አስፋልቱ ዳር ናቸው፣ ነጠላቸው በመብራት ይታያል ብሎ እንዳይዝናና። ከመነሳታችሁ በፊት ማታውኑ ከዚያ የመጣ ሹፌር ፈልጋችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። አዋሽ ስትደርሱ ደግሞ ስለ ቀጣዩ መንገድ ድገሙት፣ የጠዋቱ ወሬ ለከሰዓቱ አይሆንም።

የከዚራ ልጅ

ደንገጎ ከተነሳ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ቁሙና ልጁን አጥቢው፣ መሐል ላይም ደግሞ ቁሙ። ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፣ ሲውጥ ይከፈታል። ለትልቋ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጫት።

ፖፖ ደግሞ እንዳትረሺ። መንገድ ዳር ያለው መጸዳጃ ቤት ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አይሆንም፣ እሾሁና ድንጋዩም አያስቀምጣትም። በእግርሽ ሥር ይቀመጥ፤ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ እስኪወጣ ድረስ ነገሩ አልቋል።

የሁለት ልጆች እናት

ፖፖው ቤት ውስጥ ያለው ሙዚቃ የሚዘፍነው ነው። ባለቤቴ ባትሪውን እያወጣ ነው።