ለእናቴ የሚሆን፣ በአማርኛ የሚናገር የመድኃኒት አስታዋሽ አለ ወይ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። የምትኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ባለው አሮጌው ቤታችን ሲሆን፣ እኔ ካዛንቺስ ካለው መሥሪያ ቤቴ የምመለሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ዐይኗ ስለደከመ የስልክ ጽሑፍ አታነብም። ቀድሞ ለቡና የሚሰበሰቡት ጎረቤቶቿ «ክኒንዎን ወሰዱ?» ሳይሏት አይውሉም ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች በኮሪደር ልማቱ ሲነሡ ግን አብዛኞቹ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ።

ባለፈው ወር በድምፅ የሚያስታውስ መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጫንኩላትና ለጠዋቱ 2 ሰዓት ሞላሁት። ሰዓቱ ሲደርስ «ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ መድኃኒትህን ውሰድ» አላት። እሷም ስምንት ሰዓት ገና ነው ብላ ክኒኗን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ማታ ስገባ ከስኒዎቹ መሐል አገኘሁት። «ደግሞ ማንን ነው አንተ የሚለው?» ብላ መጠየቋ ከልቤ አልወጣም። የኒው ዮርክ ግዛት የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ በ2022 እ.ኤ.አ. ኤሊኪው የተባለውን አነጋጋሪ መሣሪያ ከ800 ለሚበልጡ አረጋውያን ለማደል መነሣቱን አንብቤያለሁ። በእኛ ቋንቋ ምን ይሻለኛል?

መልስ 1 (በድምፅ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ያለሁ)፦
ጠያቂያችን፣ የገጠመዎት ነገር የስልኩ ብልሽት አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተቆጠረው ሰዓት በአማርኛ ቃል ተነበበ እንጂ የ6 ሰዓቱ ልዩነት አልተቀነሰለትም። በድምፅ የሚታዘዙት የአማዞኑ አሌክሳም ሆነ የአፕሉ ሲሪ አማርኛ አይናገሩም። ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. በአማርኛ እየተናገሩ መጻፍ እንዲቻል አድርጓል፤ በ2022 የወጣው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው የኦፕን ኤአይ ዊስፐርም አማርኛን ይሞክራል፤ ነገር ግን የተማረበት የአማርኛ ድምፅ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ብዙ ይሳሳታል። ጽሑፍን በድምፅ ማንበቡም ለመሣሪያ ቀላል አይደለም፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና «ገና» ሲላላ የጊዜውን አለመድረስ፣ ሲጠብቅ በዓሉን እንደሚል መሣሪያው ከዐውዱ መገመት አለበት። እኔ የምመክረው ሰው ሠራሹን ድምፅ ትተው እናትዎ የሚያውቁትን ሰው ድምፅ ቀድተው በስልኩ የማንቂያ ደወል ላይ እንዲሞሉት ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ድረስ ይሠራል።

መልስ 2 (ነርስ)፦
እህቴ፣ ከድምፁ በፊት የሰዓቱን ነገር አደራ። እናትሽ ይጾማሉ? ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክኒኑን ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ቢቆይ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ፣ ሊያልበውና ሊያንቀጠቅጠው፣ ብሎም ራሱን ሊያስተው ይችላል። ሌላው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚንም ቢሆን የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው። የጾምና የፍስክ ቀን ሰዓታቸው አንድ ሆኖ ከተሞላ፣ በትክክል የሚያስታውስ መሣሪያ ራሱ ጉዳት ያመጣል፤ ስለዚህ ሰዓቱን በራስሽ ሳትቀይሪ የሚከታተሏቸውን ሐኪም አማክሪ። በእርጅና ቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅን የመስማት አቅም ስለሆነ፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ ረጋ ብሎና በአጭሩ ይቀዳ።

መልስ 3፦
መተግበሪያውን ካላጠፉት የእናትዎን የጤና መረጃ ወዴት እንደሚልክ ይመልከቱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ይመድበዋል። የእሳቸውን ፈቃድም አስቀድመው ይጠይቁ።

ከጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መተግበሪያውን አጥፍቼዋለሁ፤ ሐኪሟም ለጾም ቀናት የተለየ ሰዓት ጽፈውልኛል። ድምፁን የእኔ ላደርገው ስል እናቴ «ያንቺንማ ማታ እሰማዋለሁ» ብላ ወደ ዳር የሄደችውን የፊት ለፊት ጎረቤታችንን መረጠች፤ ድምፅዋም እንደ ተመከርኩት ወፈር ያለ ነው። በቴሌግራም ቀድታ ላከችልኝ፦ «እትዬ፣ ቁርስዎን ቀምሰዋል? እንግዲያው ነጯን ክኒን ይዋጧት።» ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ደወሉ ተናገረ፤ እናቴም «እሺ፣ ኑሪልኝ» ብላ የውሃ ብርጭቆዋን አነሣች።