ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)፦ የልጆቻችንን የትምህርት ቤት መንገድ ለማስተካከል ማንን እንጠይቅ?

ጥያቄ (የሁለት ተማሪዎች እናት)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅባቸው ነው። ውስጥ ለውስጥ ያለው ኮብልስቶን ምንም አይልም። ጭንቄ አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ አሸዋና ጠጠር ተቆልሏል፤ የተረፈውን ባጃጅና ጉልት ይዞታል። ልጆቹ ወርደው ከመኪና ጋር ይጋፋሉ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዜብራ ነበር፤ አሁን ቀለሙ ለቆ ያለ አይመስልም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ አይጣል ነው። አንድ ቦታ ላይ የቱቦው ክዳን የለም። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አስፋልቱንም ቱቦውንም እኩል ይሞላዋል፤ ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። የሰፈሩ ሰው እንጨት ተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል አስሮበታል። ምልክታችን እሱ ነው።

ቀበሌ ሄደን ተናግረን ነበር። «ይታያል» ተባልን፤ እስካሁን እየታየ ነው። ወዴት እንሂድ? ምን ብለን እንጠይቅ?

መልስ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት ጸሐፊ)

እህቴ፣ በቃል የተነገረ አቤቱታ ቢሮ ውስጥ እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው። ማመልከቻ ጻፉ። በግል ሳይሆን በህብረቱ ስም ይሁን፤ የትምህርት ቤቱ ማህተም ይረፍበት። የወላጆችን ፊርማ አያይዙ። ለክፍለ ከተማው አድርጋችሁ ለከተማው መንገድ ክፍልና ለትራፊክ ፖሊስ ግልባጭ አድርጉ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ። ቀጥሎ ስትሄዱ «ያ ጉዳያችን» ሳይሆን ቁጥሩንና ቀኑን ነው የምትጠሩት።

ጊዜውንም አስቡበት። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በግንቦትና በሰኔ ዕቅድ ሲሠራ ያልገባ ነገር በመስከረም ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «በጀት አልተያዘለትም»። ግንባታ የሚፈልገውን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ቀለምና የቱቦ ክዳን ግን ትንሽ ነገር ስለሆነ ዓመት የሚያስጠብቅ አይደለም። በአንድ ደብዳቤ ሁሉን ካጨቃችሁት ትንሹም ከትልቁ ጋር ያድራል።

መልስ (በመንገድ ሥራ የቆየሁ)

የህብረቱ ጸሐፊ ያሉት ልክ ነው። ግን ከዚያ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ ይለይ። ወደ ጎንደር የሚወጣው ዋና አውራ ጎዳና ከሆነ የከተማው ብቻ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። አገር አቋራጭ መንገዶች በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ናቸው። ይህን ሳትለዩ ከገባችሁ አንዱ ወደ ሌላው ሲልካችሁ ዓመቱ ያልፋል። ክፍለ ከተማው «የእኛ አይደለም» ካለ፣ ያንኑ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁና ለሚመለከተው ሸኚ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ30 ሲሆን 8 ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ መኪናው አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዜብራ ብቻ አትጠይቁ። ቀለም መኪና አያቆምም። ዜብራው ራሱ ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ቢሠራ ይሻላል፤ ሹፌሩም ሳይወድ ይቀንሳል።

አደራ፣ ሰፈሩ በራሱ አፈርና ድንጋይ ከምሮ ጉብታ እንዳይሠራ። ምልክት የሌለው ጉብታ በማታ ሞተረኛ ይጥላል። ዳር እስከ ዳር ከተዘጋ ደግሞ ጎርፉ መሄጃ አጥቶ ወደ ቤታችሁ ይመጣል። የባሕር ዳርን መሬት ታውቁታላችሁ፤ ሜዳ ነው፣ ውኃ በቀላሉ አይወርድም።

መልስ (ባጃጅ ነጂ)

እትዬ፣ እኛንም ይስሙን። የእግረኛ መንገድ ላይ የምንቆመው ወደን አይደለም። መቆሚያ የለም፤ ተሳፋሪ ደግሞ በሩ ላይ ካላወረዳችሁኝ ይላል። በተለይ ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ ወላጆች! ልጁን በሩ ላይ ለማውረድ ሲሉ በእግሩ የሚመጣውን የሌላ ሰው ልጅ መሀል አስፋልት ያስወጡታል።

ደብዳቤው ላይ የባጃጅ ማውረጃ ቦታ ከበሩ ራቅ ብሎ እንዲከለል ጠይቁ። ከማኅበራችን ጋርም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ትራፊክ መጥቶ ሲቀጣን ለአንድ ሳምንት እንጠፋለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። እውነቱ ይሄ ነው።

መልስ (መምህር)

ቢሮው እስኪንቀሳቀስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። እኛ ጋ የተማሪ ትራፊክ አለ፤ ልጆቹ ሰደርያ ለብሰው «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይይዛሉ። ብቻቸውን ግን መቆም የለባቸውም፤ መኪና ማስቆም የልጅ ሥራ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ ወይም አዋቂ አብሯቸው ይቁም። ፈረቃ ካላችሁ እኩለ ቀንን አትርሱ። ጠዋት ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ግን አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ሌላው ሲገባ በሩ ላይ የሚፈጠረው ትርምስ ነው የሚያስፈራው።

ደግሞ ከልጆቹ ጋር አንድ ቀን መንገዱን ሂዱት። ቁመታቸው አጭር ነው፤ አሸዋ ክምሩ ለእናንተ ወገብ ላይ ቢደርስ ልጁን ጨርሶ ይጋርደዋል። ፎቶውን በልጁ ዓይን ልክ ዝቅ ብላችሁ አንሱትና ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።

መልስ (የብስክሌት ወዳጅ)

«አቅም የለም» ካሏችሁ በ2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ አስታውሷቸው። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለእግረኛም ለብስክሌትም የተለየ መንገድ ተሠርቶለታል። በሚሊዮን ብር አስፋልት ሥሩልን እያላችሁ አይደለም። የተቆለለው አሸዋ ይነሳ ነው ያላችሁት። ለእሱ ደግሞ በጀት ሳይሆን ደንብ ማስከበር ነው የሚያስፈልገው፤ ባለቤቱ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ነውና ያንሳው።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ደብዳቤ ልናደርገው ነው። አንዱ የቱቦውን ክዳን፣ ቀለሙንና አሸዋውን፤ ሌላው ከፍ ያለውን ዜብራና የባጃጁን ቦታ። ከባጃጅ ማኅበሩ ጋር የሚነጋገር ሰውም አግኝተናል፤ ባለቤቴ ራሱ ባጃጅ ነድቶ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ርዕሰ መምህሩ ማህተም አላደርግም ቢሉስ?

መልስ (የህብረቱ ጸሐፊ)

ብቻሽን አትሂጂ። ህብረቱን ስብሰባ አስጠሩና ቃለ ጉባኤ አስይዙ፣ ርዕሰ መምህሩም ይገኙበት። ስብሰባው ላይ ተስማምተው ከፈረሙ በኋላ ማህተሙ አያስቸግርም። የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ከደብዳቤው ጋር አያይዙት። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት መዝገብ ቤት ሰው አታገኙም።